ገብታለች፤ አንሳት

ፒትሉሪ፣ ስኮትላንድ
ማርች 6 ቀን 1994

ለባሌ አባት አጎት የልጅ ልጅ፣ ለኢነስ ጌዲስ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከጉልበቴ፣ ከግራ ጆሮዬና ከጎልፍ ክለባችን ካፒቴን ከሚስተር ሌኪ በስተቀር ደኅና ነኝ። ፈጣሪ ከፍሎሪዳ ፀሐይ ይሰውርህ። እኛንስ በቸርነቱ ጉም አልብሶ ሰውሮናል፤ ፀሐይን ካየናት ሰንብተናል፤ እሷም የናፈቅናት አይመስላትም።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የገና ካርድ ብቻ ስንላላክ ኖረን ዛሬ ወፍራም ፖስታ ሲደርስህ "ማን ሞተ?" ማለትህ አይቀርም። ማንም አልሞተም። ገና ማርች ነው።

ነገሩ የልጄ የስትሩዋን ነው። አንተ ስትሄድ ጠረጴዛ ሥር ተደብቆ የጫማህን ክር የፈታው ሕፃን ማለቴ ነው። አሁን የአባቱን ወንበርና ምላጭ ወርሶ የከተማው ፀጉር አስተካካይ ሆኗል። ባሌ አሌክ ካረፈ ወዲህ የጌዲስን ቦታም የያዘው እሱ ነው። መቼም አልረሳኸውም፦ በኦገስት የመጨረሻ ቅዳሜ ከባልክሬግ ሰዎች ጋር ስንጋጠም አሥረኛው ተጫዋች፣ የመጨረሻው፣ ሁልጊዜ ጌዲስ ነው። ጌዲስ ከጠፋ ቦታው ላንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ለሌኪዎች ይተላለፋል። የሌኪ ልጅ ከወዲሁ አዲስ ሱሪ አሰፍቷል።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ስትሩዋን ላይ እንግዳው መጣበት።

የትኛው እንግዳ ብለህ እንዳትጠይቀኝ። ልጁ ከሩቅ ሲመታ አባቱን ነው፤ ኳሷ ጉሙን ቀዳ ትሄዳለች። ቀዳዳው አፍ ደርሳ አንድ ክንድ ሲቀራት ግን እጁ የሱ መሆኑ ይቀራል። ጀልባ ላይ እንደወጣ ዓሣ ይፈራገጣል። አንድ ቀን ያቺኑ አንድ ክንድ ሊገፋ ሞክሮ ኳሷ የገባችው ባሕር ነው።

ሰዉም በደንቡ መሠረት ጀርባውን ማዞር ጀመረ። ይህንንም አልወቅስም፤ እንግዳ ያለበት ሰው አጭሯን ምት ሲመታ ያየ ሰው ይጋባበታል፤ አያቶቻችንም ዞረዋል። አሁን ግን ነገሩ ከሜዳው አልፎ ወንበሩ ላይ ደረሰ። ምላጭ ሲይዝ እጁ የቤተ ክርስቲያን ደወል ማማ ነው፤ ንቅንቅ አይልም። ይህን ማን ይመን? ሌኪ ፂሙን ለመላጨት በአውቶቡስ ባልክሬግ ድረስ ይሄዳል። ሥጋ ሻጭ ሆኖ ቢላ መፍራቱ!

አንተ እዚያ የጎልፈኛን ጭንቅላት ታክማለህ አሉ። እንግዲህ ወይ ልጄን አድንልኝ፣ ወይ ራስህ መጥተህ በጌዲስ ቦታ ተጫወት። ሁለቱም ካልሆነ ስትሩዋን ሱቁን ዘግቶ ከአገር ሊወጣ ነው። እኔም ከግራ ጆሮዬ ጋር ብቻዬን ልቀር ነው፤ እሱ ደግሞ አይሰማም።

የአሌክ ጌዲስ ሚስት፣ ኤፊ

*

ኢነስ ጌዲስ
የቀድሞ የሻምፒዮና ተወዳዳሪ፣ የአእምሮ ጨዋታ አሠልጣኝ
ሰባተኛ ፎቅ፣ ፓልም ኮቭ፣ ፍሎሪዳ
ኤፕሪል 11 ቀን 1994

ለተከበሩ እትዬ ኤፊ፤

ሰላምታዬ ውቅያኖሱን ተሻግሮ ደጃፍዎ ላይ ጫማውን አራግፎ ይግባ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሁለት ባለሀብቶችን በመስኮት ፊት አስቀምጬ ዝምታን ሳስተምር ነበር። ለመልሱ መዘግየት ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ የቀጠሮ ደብተሬ ሞልቶ እስትንፋስ የለውም።

ስለ ስትሩዋን አይጨነቁ። የያዘው ነገር (እዚህ ላይ ወረቀቱ በመቀስ ተቆርጧል) ይባላል። ስሙን መጥራት የመዳን መጀመሪያ ነው። ደንበኞቼን በየማለዳው መስታወት ፊት አቁሜ (እዚህም ተቆርጧል) አስብላቸዋለሁ፤ እያለቀሱም እየሳቁም ይላሉ።

ልጁ በቅድሚያ ይህን ያድርግ። እጆቹን ይወዳጃቸው። ለግራውም ለቀኙም ስም ያውጣላቸው፤ በየሰዓቱ በመልካም ቃል ያነጋግራቸው። ሲስትም አይዘን። በኔ ትምህርት ቤት ውድቀት የሚባል ነገር የለም፤ ያለው መረጃ ብቻ ነው። ኳሷ ባሕር ገባች? መረጃ ሰጠችን። እናመሰግናታለን።

ለመምጣቱማ ማን ይጠላል! ግን ደንበኞቼን ጥዬ ብንቀሳቀስ የስንቱ አእምሮ ሜዳ ላይ ይበተናል።

አክባሪዎ፣ ኢነስ

*

ፒትሉሪ፣ ሜይ 2 ቀን 1994

ለኢነስ፤

ጤና ይስጥልኝ። ልቡናም ይጨምርልህ፤ ይህኛው ይቅደም።

በወረቀት ላይ የጻፍከውን ያን ቃል በስትሩዋን መቀስ ቆርጬ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። መቀሱንም በፈላ ውሃ ቀቀልኩት። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው አገር መኖር ይህን ያህል ያስረሳል? እዚህ ቤት ያንን ቃል የጠራ የለም፤ ሐኪሙ እንኳ "ያ ጉዳይህ እንዴት ነው?" ነው የሚለው።

ስለ እጆቹ ግን ያልከውን አድርጓል። ቀኙን "ጄሲ"፣ ግራውን "ኮንስታብል" ብሏቸዋል። ሱቅ ውስጥ ቆሞ "አይዞሽ ጄሲዬ፣ ማንም አይቆጣሽም" ሲል የቀረው ደንበኛ ሽማግሌው ዋቲ ብቻ ነበር፤ እሱም ዓሣ ከማጥመድ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የትም መሄጃ የለው።

"ማንን ነው የምታናግረው?" አለው ዋቲ፣ አንገቱ ላይ አረፋ እንደ ተቀባ።

"እጄን።"

"ትመልስልሃለች?"

"እስካሁን አልመለሰችም።"

"የመለሰች ዕለት ቶሎ ንገረኝ፤ የቀረውን ቤቴ ሄጄ እጨርሳለሁ።"

ይህ ነው እንግዲህ ወዳጅነቱ። እጁ አሁንም ይፈራገጣል፤ ልዩነቱ ስም ያለው መሆኑ ነው።

"ውድቀት የለም፣ መረጃ ነው ያለው" ላልከኝ፦ አሌክ ሲቀበር አንተ አልነበርክም። ካፒቴኑ እንደ ደንቡ የአሌክን ኳስ መቃብሩ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ፣ ባርኔጣውን አውልቆ "ገብታለች፤ አንሳት" አለው። ሌላ አገር ኳስ ቀዳዳው አፍ ላይ ስትደርስ ተጋጣሚዎች "ተዋት፣ ገብታለች" እያሉ ሳትመታ እንደ ገባች ቆጥሮ አንዱ ለሌላው ይምራል አሉ። እኛ ግን ነፍሱ ላልወጣ ሰው አጭር ምት እንደማንምር ታውቃለህ። አሌክ ያንን ቃል በሕይወቱ ከማንም ሰምቶት አያውቅም፤ እኔም ብሆን አላልኩትም። በመጨረሻ ሲባልለት ደግሞ አልሰማም። ታዲያ ይሄ ምን መረጃ ነው ትለኛለህ?

አልጋ ከኋላ ክፍል አለ። ና፤ አንተው ተጫወት።

ኤፊ

*

ኢነስ ጌዲስ፣ የአእምሮ ጨዋታ አሠልጣኝ
ከምንጣፍ መደብሩ ጀርባ፣ ፓልም ኮቭ
ሜይ 27 ቀን 1994

ለተከበሩ እትዬ ኤፊ፤

ሰላምዎ ይብዛ። አድራሻዬ መቀየሩን አስተውለው ይሆናል። ከሰባተኛ ፎቅ የወረድኩት በፈቃዴ ነው፤ ከፍታ ለአእምሮ አይስማማም። እዚህ ፀጥታ አለ፤ ምንጣፍ ድምፅ ይውጣል። ደንበኞቼም ለበጋው ወደየቤታቸው ሄደዋል።

ስለ ቃሉ ይቅርታ። አሌክንም ነፍሱን በገነት ያኑርልኝ።

ለስትሩዋን ሌላ ነገር ልንገረው። ይህን ለማንም ደንበኛ ነግሬ አላውቅም። ዓይኑን ይጨፍን። ኳሷ አጠገብ ይቁም፣ ቀዳዳውን አንዴ ይይ፣ ከዚያ ጨፍኖ ይግፋት። ዓይን ካላየ እጅ የሚፈራው አይኖረውም። ሌሎቹ ጀርባቸውን ካዞሩ እሱስ ለምን ያያል? ማንም ሳያይ ትግባ።

ከየት አመጣኸው ካሉኝ፦ በ1972 በሻምፒዮናው የመጨረሻ ቀን እየመራሁ ብቻዋን የቀረችኝን አጭር ምት ያስታውሳሉ። ጋዜጦቹ "ንፋስ አሳታት" ብለው ጻፉ። ንፋስ አልነበረም። ጎንበስ ብዬ ሳለሁ ከኋላዬ ሣር ላይ ጫማ ሲዞር ሰማሁ። የአንድ ሰው አልነበረም፤ በአውቶቡስ ተጭነው ሊያዩኝ የመጡ የፒትሉሪ ሰዎች ሁሉ ጫማ ነበር። እትዬ ኤፊ፣ ያን ጊዜ ገና አልመታሁም ነበር። እጄም ገና የኔ ነበረች።

ኢነስ

*

ፒትሉሪ፣ ጁን 20 ቀን 1994

ለምወድህ ለኢነስ፤

ጤናህ ይብዛ፣ ዕድሜህ ይርዘም፣ ጥላህ አይጉደል!

ስለ ጫማው የጻፍከውን አንብቤያለሁ። ድንቹ ዘንድሮ ጥሩ ነው።

አሁን ስማኝ። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ሳይነሣ ስትሩዋንና እኔ የኋለኛው ሜዳ ላይ እንወጣለን። ማንም አያየንም፤ እኛም ማንንም አናይም። እኔ በደንቡ ጀርባዬን አዙሬ የሻይ ፔርሙሴን እንደያዝኩ እቆማለሁ፤ ደኅናውን ጆሮዬን ወደሱ አድርጌ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይገፋል። መጀመሪያ ሰሞን የምሰማው የባሕር ወፍና የሱን እርግማን ብቻ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን "ቶክ" አለ።

"ምን ነበር እሱ?" አልኩት ሳልዞር።

"ገባች መሰለኝ።"

"መሰለኝ ምንድነው? እያት እንጂ!"

"ፈራሁ እማዬ። አንቺ እይልኝ።"

"እኔም ፈራሁ።"

ሁለታችንም ሳናያት እዚያው ቆመን ሻያችንን ጠጣን። ከዚያ ወዲህ ቶክ፣ ቶክ፣ ቶክ ነው። የሚስታት ከሚያስገባት አንሷል። ሲራመድ አንገቱ ቀና ብሏል፤ ሰው ደግሞ አንገት ያያል። ሁለት ዓሣ አጥማጆች ፀጉራቸውን ሊስተካከሉ መጡ። ሌኪም ትናንት በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ ፂሙን ዳበስ ዳበስ አድርጓል።

ኢነስ፣ ልጄን አዳንከው። ስትሩዋን ጌዲስ ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚገፋ ግን ከሦስታችን በቀር ማንም አይወቅ። እዚህ ሰዎች ብርሃን ካዩ የሚያጠፋውን ነገር ፍለጋ ነው የሚሮጡት።

ከምሥጋና ጋር፣ ኤፊ

*

ፓልም ኮቭ፣ ጁላይ 5 ቀን 1994

ለተከበሩ እትዬ ኤፊ፤

ደብዳቤዎን ቆሜ አነበብኩት፤ ቁጭ ብዬ ደገምኩት። ከሠለጠኑልኝ ሁሉ እውነት የዳነው የመጀመሪያው ሰው ስትሩዋን ነው ብል ያምኑኛል? አይመኑኝ፤ ለሙያዬ ጥሩ አይደለም።

አንዲት ነገር ልለምንዎት። ክለቡ በማኅተሙ "ኢነስ ጌዲስ አድኖልናል" የሚል ማስረጃ ይጻፍልኝ። ማኅተሙ እስኪደርስ ግን ጊዜው አልጠብቅ ስላለኝ፣ ፈቃድዎን እንደማይነፍጉኝ በማመን፣ ከደብዳቤዎ ግማሹን በአንዲት ቆንጆ ሰማያዊ በራሪ ወረቀት አሳትሜዋለሁ። በየጎልፍ ሜዳው ተበትኗል። የመጣ ደንበኛ ገና የለም።

ያ የኋላ ክፍል አልጋ አሁንም አለ?

ኢነስ

*

ፒትሉሪ፣ ኦገስት 1 ቀን 1994

ለኢነስ ጌዲስ፤

ሰላምታዬን ሌላ ጊዜ እልክልሃለሁ፤ ዛሬ የለኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ሌኪ መጣ። ከአንድ ዓመት በኋላ! ባርኔጣውን ሰቀለ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ "እስቲ እንደ አባትህ አድርገኝ" አለው። ስትሩዋን አረፋውን ቀባው፤ ግማሽ ፊቱን እንደ ሐር አለሰለሰው። ዋቲና ሁለቱ ዓሣ አጥማጆች ተራ ይጠብቃሉ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ፎጣ እያጣጠፍኩ በልቤ እዘምር ነበር።

በሩ ተከፈተ። ትልቅ ሰው፣ ባለአበባ ሸሚዝ፣ እጁ ላይ ሰማያዊ ወረቀት።

"ስትሩዋን ጌዲስ ማለት አንተ ነህ?"

"ነኝ።"

"ወንድሜ! እኔም እኮ እንዳንተው ነው ያለብኝ!" ብሎ ያንን ቃል ሱቁ መሐል ጮክ ብሎ ጠራው። ጠርቶም አልበቃው፤ ስትሩዋንን ከነምላጩ አቀፈው። "ዓይንህን ጨፍነህ ነው አሉ የምትሠራው፤ እስቲ አሳየኝ!"

ዓሣ አጥማጆቹ ቀድመው ወጡ። ሌኪ ከወንበሩ ተነሣ።

"ዓይንህን ጨፍነህ?" አለ።

"ሜዳ ላይ ብቻ ነው፣ ሚስተር ሌኪ። ግማሹ እኮ ቀርቶታል፣ ይቀመጡ።"

"ይቅር ልጄ። በግማሽ ፂም መኖር ይቻላል፤ በግማሽ ጉሮሮ ግን አይቻልም።"

ፎጣችንን አንገቱ ላይ እንደጠመጠመ ሄደ። ፎጣውን አልመለሰም፤ መቼም አይመልስም። ያ ባለአበባው እንግዳ ግን እንባው መጥቶ "ምን አልኩኝ?" ይላል። ሻይ ሰጠሁት፤ ምን ላድርገው።

ያኑ ዕለት ማታ ስትሩዋን ብቻውን ሜዳ ወጣ። ተከተልኩት፤ ጀርባዬን አዞርኩ። ቶክ አልሰማሁም።

አትጻፍልኝ። አትምጣም። አልጋው ላይ ድንች ዘርግቼበታለሁ።

ኤፊ

*

ፓልም ኮቭ፣ ኦገስት 11 ቀን 1994

እትዬ ኤፊ፤

እመጣለሁ። በጌዲስ ቦታ እኔ እጫወታለሁ። በግጥሚያው ዋዜማ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ባለው አውቶቡስ እደርሳለሁ፤ ድንቹን ያንሡት። ለስትሩዋንም ይንገሩት፤ እሱ አይቁም፤ ዘንድሮ ጀርባ የሚዞርበት ሰው እኔ ነኝ። እኔ ለምጃለሁ።

ኢነስ

*

ፒትሉሪ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1994

ለኢነስ፤

እንደምን አለህ? በሕይወት ካለህ ማለቴ ነው፤ ስለዚህ ነገር አሁን አሁን እርግጠኛ መሆን ትቻለሁ።

ድንቹን አንሥቼ አልጋውን አነጠፍኩ። ዓርብ ከስትሩዋን ጋር አውቶቡስ ጠበቅን። አንዲት ሴትዮ ከነዶሮዋ ወረደች። ሹፌሩን "ሌላ ሰው የለም?" አልኩት። "ሌላ ዶሮም የለም" አለኝ። ስትሩዋን የሴትዮዋን ሻንጣ ተሸክሞላት ሄደ።

ስለዚህ ቅዳሜ የቆመው እሱ ነው።

ቀኑ የኛን አገር የማይመስል ብሩህ ነበር። ዘጠኙ ተጫዋቾች ጨርሰው ከባልክሬግ ጋር እኩል ለእኩል ሆንን፤ ሁሉም ነገር የስትሩዋን ትከሻ ላይ ወደቀ። ተጋጣሚው ገና በሜይ ከኤድንብራ ባልክሬግ የገባ ጥርስ ሐኪም ነው፤ ጨዋ፣ ንጹሕ፣ ለሣሩ እንኳ "ይቅርታ" የሚል። ስትሩዋን ቀኑን ሙሉ እየተከተለው፣ አጭሯን ምት ሲያበላሽ ረጅሟን እያሳመረ፣ እስከ መጨረሻው ቀዳዳ ደረሱ። እስከዚያም አንዱ ሌላውን አልበለጠም። እዚያ ልጄ ከሩቅ አንዲት ምት መታ፤ አባቱ ከመቃብር ተነሥቶ የመታት ነበር የምትመስል። ኳሷ ተንከባልላ ተንከባልላ ቀዳዳው ጋ አንድ ጫማ ሲቀራት ቆመች።

ከገባች ፒትሉሪ አሸነፈ። ሌኪም ይላጫል፣ ዓሣ አጥማጆቹም ይመለሳሉ፣ ልጄም አይሄድም።

ስትሩዋን ኳሷ አጠገብ ቆመ። ከተማው በሙሉ ዞረ። እኔም ዞርኩ። ደንብ ነው። ደኅናው ጆሮዬ ወደሱ ነበር፤ "ቶክ" እስኪል እስትንፋሴን ያዝኩ።

ጥርስ ሐኪሙ እንግዲህ አንድ ሙሉ ከተማ ለአንድ ምስኪን ጀርባውን ሲሰጥ አየ። ንቀት መሰለው። ልቡ ተነካ። የልጄ እጅ መንቀጥቀጥ መጀመሩንም ከሁላችን ሳይዞር የቀረው እሱ ስለሆነ እሱ ብቻ አይቷል። ስለዚህ በዚያ በሚያምረው የኤድንብራ አነጋገሩ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ በርኅራኄ እንዲህ አለ፦

"ገብታለች፤ አንሳት።"

ቶክ አልሰማሁም፣ ኢነስ። የሰማሁት ባርኔጣ ሲወልቅ ነው። የፒትሉሪም የባልክሬግም ባርኔጣ፣ አንድ ላይ። ካፒቴን ሌኪ ከልማዱ የተነሣ "አሜን" አለ።

አሸነፍን። ጽዋው ከሰባት ዓመት በኋላ ወደኛ መጣ። ማንም ግን ስትሩዋንን አልጨበጠውም። ጥርስ ሐኪሙ "ምን አጠፋሁ?" እያለ ከሰው ሰው ይዞራል፤ ማን ይንገረው? ቸር ነበረ፤ ሌላ ጥፋት የለበትም።

ሰኞ ጎረቤቶች ሾርባና ቂጣ ይዘው መጡ። "እግዜር ያጽናሽ ኤፊ" አሉኝ። በሩን የከፈተላቸው ስትሩዋን ራሱ ነበር። በጎኑ አልፈው ገቡ። ኮታቸውንም ተቀብሎ የሰቀለላቸው እሱ ነው፤ ቂጣውንም ቆርሶ አቀረበላቸው። ዋቲ ብቻ ቀና ብሎ አየውና "ጥሩ ልጅ ነበርክ" አለው።

ክለቡ ውስጥ ያረፉት የተጻፉበት ሰሌዳ ላይ ከአባቱ ስም በታች ስሙን በወርቅ ቀለም አስገብተውታል። ሌኪን ሱቁ ድረስ ሄጄ "ልጄ እኮ ቤት ቁጭ ብሎ ገንፎ እየበላ ነው" አልኩት። ግማሽ ፂሙን ይዞ በሐዘን አየኝ። "አውቃለሁ ኤፊ። ደንብ ግን ደንብ ነው። በዚያ ላይ ቀለሙ ደርቋል" አለኝ። የጌዲስ ቦታ ለልጁ ተሰጥቷል። ሱሪውም ልኩ ነው።

ኤፊ

*

ፒትሉሪ፣ ኦክቶበር 3 ቀን 1994

ለኢነስ፤

ሰላም ላንተ ይሁን፤ አሁንስ ያስፈልግሃል።

ስትሩዋን ማክሰኞ አውሮፕላን ይሳፈራል፤ የሚመጣው አንተ ዘንድ ነው። ሌላ ማን አለው? እዚህማ መንገድ ላይ ሰላም ሲላቸው ይደነግጣሉ። ሱቁን ቆልፌዋለሁ። ወንበሩ ከብዶን እዚያው ቀረ፤ በመስኮት ሲያዩት ተራ የሚጠብቅ ይመስላል።

ሻንጣው ውስጥ መቀሱ፣ የአባቱ ምላጭና ሦስት የሱፍ ሹራብ አለ። ሹራቡ እዚያ አያስፈልግም አለኝ፤ ግድ የለም፣ ያስፈልገዋል። የአባቱንም የኳስ መግፊያ ዱላ ወስዷል። ልከለክለው ነበር፤ ተውኩት።

እባክህን ምንም አታስተምረው። ለእጁ ስም አታውጣለት፣ አታስተንፍሰው፣ አታስጨፍነው። ፀጉርህን ብቻ ያስተካክልህ። ሲበላ ጻፍልኝ። ካልበላም ጻፍልኝ።

አውቶቡሱ ዛሬ ጠዋት ሲነሣ እጁን በመስኮት አወጣ። እስኪታጠፍ ድረስ ፊት ለፊት አየሁት። አልዞርኩም።

ኤፊ

*

ከፓልም ኮቭ የጎልፍ መለማመጃ ሜዳ፣ የኳስ ለቃሚዎች ቤት
ኖቬምበር 21 ቀን 1994

ለተከበሩ እትዬ ኤፊ፤

ሰላምታዬ ባዶ ቤትዎ ገብቶ ምድጃው አጠገብ ይቀመጥ፤ ትንሽም ይሙቅ።

ስትሩዋን በሰላም ደርሷል። ይበላል። ሽሪምፕ የሚሉትን የባሕር ፍጥረት አይወድም፤ ዓይኑ ያየኛል ይላል። ሹራቡን ለብሶት አያውቅም፤ ማታ ማታ ግን ትራስ ያደርገዋል።

አድራሻዬን አይተውታል። መጀመሪያ ቀን ልጁን በባልዲ ኳስ እየለቀምኩ ነው የተቀበልኩት።

"አሠልጣኝ አልነበርክ እንዴ?" አለኝ።

"ነበርኩ።"

"ታዲያ ይሄ ምንድነው?"

"ኳስ ለቀማ።"

ባልዲውን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ ባልዲውን። "አይዞህ ጋሼ፣" አለኝ፤ "መረጃ ነው።" ከመጣ ወዲህ የሳቀው ያኔ ብቻ ነው። እኔም ሳቅኩ፤ ባልዲው ተደፋ፤ እንደገና ለቀምነው።

አሁን የለቃሚዎቹን ሁሉ ፀጉር የሚያስተካክለው እሱ ነው፤ በሳጥን ላይ እያስቀመጠ። ስለ እንግዳው የሚያውቅ እዚህ የለም፤ አንገታቸውን ሰጥተው ያንኮራፋሉ። የኔንም አስተካከለኝ። እጁ እንዳሉት ነው፤ ንቅንቅ አይልም።

በኦገስቱ ለምን እንደቀረሁ አልጠየቁኝም፤ አመሰግናለሁ። እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ሄጄ ነበር። የኳስ መግፊያ ዱላዬ ረጅም ስለሆነች ከሻንጣው ተለይታ በእጅ ትያዝ አሉኝ። ያዝኳት። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ነው የያዝኳት። ከዚያ ተመለስኩ።

እንዳዘዙኝ ምንም አላስተማርኩትም። ግን አንድ ነገር አለ፤ ይወቁት። ማታ ደንበኛው ሁሉ ሲሄድ፣ ሜዳው ገና ሳይጨልም፣ ሁለታችን ሣሩ የተላጨበት ጋ እንወጣለን። ማን እንደጀመረው አላስታውስም። እሱ የአሌክን ዱላ ይዞ ኳሷ አጠገብ ሲቆም እኔ ጀርባዬን አዞራለሁ። ደንብ ነው። ከዚያ የኔ ተራ ይሆናል፤ እሱ ይዞራል። ጫማው ሣሩ ላይ ሲዞር እሰማዋለሁ፤ ግን እሱን ስለማውቀው አያስደነግጠኝም። ገባች አልገባች ብለን አንጠያየቅም። ጨርሰን ስንመለስም ወደ ቀዳዳው አናይም፤ ጠዋት ሌሎቹ ይለቅሟቸዋል።

እርስዎ የጻፉልኝን ድምፅ እንጠብቃለን። እስካሁን አልሰማንም።

ኢነስ